ሸዋዓለም የደፈነችው መስኮት

ይህ የሆነው ወረታ ነው። ሐምሌ ላይ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

አዎ፣ በቀን። ጅብ አልጮኸም። መቃብር አጠገብ አልነበርኩም። መብራትም አልጠፋም። እንዲያውም ያን ሰሞን መብራት አለመጥፋቱ ራሱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር።

"የአስፈሪ ታሪክ ቻናሉ ላይ እንዲለጠፍላት የፈጠረችው ነው" የሚል አይጠፋም። ይበል። እኔም ከሰው ብሰማው እንደዚያ ነበር የምለው።

ግን ሆኗል... በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ባሌ ላይ።

ሳልጀምር አንድ ነገር ላስይዝ፤ እኔ ቅናተኛ ሴት አይደለሁም።

ካስያዝኩ ልቀጥል።

ባለቤቴ ዘመነ ይባላል። የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ አለው። ሳገባው ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነበር። እሷ ሸዋዓለም ትባላለች።

ወረታ ላይ ስለ ሸዋዓለም "ነበረች" የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሸዋዓለም እንዲህ ናት፣ ሸዋዓለም እንዲያ ናት። ሽሮ ብሠራ የሸዋዓለም ሽሮ ይነሳል። ለቅሶ ብሄድ የሸዋዓለም አለቃቀስ ይነሳል። ላማችን እንኳ ሳልባት ወተቷን ትይዝብኛለች። ጎረቤቶቼ አይተው ከንፈራቸውን ይመጥጡና "ሸዋዓለምን ለምዳ እኮ ነው" ይላሉ።

ላሟ ናት እንግዲህ። የፎገራ ላም መልከ መልካም ናት እንጂ ታማኝ ናት ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ተምሬአለሁ። ከሞተ ሰው ጋር መፎካከር እንደማይቻል አይጠፋኝም። የሞተ ሰው አያረጅም። ወጥ አያሳርርም። ጠዋት ፊቱ አያብጥም።

ግን አንድ ነገር ነበር...

ዘመነ ይስላል።

እንዲህ ዝም ብሎ ሳል አይደለም። ከሆዱ ተነስቶ፣ ደረቱን አራግፎ፣ ዓይኑን አስለቅሶ የሚወጣ ሳል ነው። ምሳውን በልቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋደም ይላል፤ በክረምት ወፍጮው ሥራ ስለሚቀንስ ልማዱ ነው። ታዲያ ከሚተኛው የሚስለው ይበዛል። ሲስል ደግሞ አንዳንዴ ትንፋሹ ይቋረጥና ዓይኔን እያየ ይቀራል። ያን ጊዜ እጁን ጨብጬ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ሰው አትውሰድብኝ።

ሲስተር ሀሚዳ ዘንድ ሄድኩ። ገበያው ዳር ክሊኒክ ያላት ነርስ ናት። ስለ ሳሉ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ስለ ቤቴ ትጠይቀኝ ጀመር። የት ነው የምታበስሉት? አልኳት፣ ከመኝታ ክፍሉ ጋር በተያያዘው ማድ ቤት። በምን? በኩበት። ለብርዱስ? ከሰል አቀጣጥለን ክፍሉ ውስጥ እናስገባለን። አልጋው ሥር ምን አለ?

አልጋው ሥር ሽንኩርት አለ። ዋጋ እስኪወጣ። ፎገራ ላይ ሽንኩርት ከባል ቀጥሎ መኝታ ቤት የሚገባ ነው።

ሀሚዳ መነጽሯን አወለቀች።

"መድኃኒቱ ግማሹ ነው" አለችኝ። "ግማሹ ቤታችሁ ነው። ያ ሰውዬ ቀን የሩዝ ብናኝ ይውጣል፣ ማታ ጭስ ይውጣል። ሳንባው መቼ ይረፍ? ከሰሉማ ሳል እንኳ አያስጠብቅ፤ ተኝታችሁ ትቀራላችሁ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ንፋስ አስገቢ።"

እየበረርኩ ነው የወጣሁት። በመጨረሻ ሸዋዓለም ያላደረገችው ነገር ተገኘ። እሷ በጭስ ስታጥነው የኖረችውን ሰው እኔ በንጹሕ አየር አድነዋለሁ።

በማግስቱ ዘመቻ ጀመርኩ። ሽንኩርቱን ወደ በረንዳ አወጣሁት። ከሰሉን ከደጅ አሳደርኩት። ማድ ቤቱን ዘግቼ ምድጃውን ጓሮ፣ ግድግዳ የሌለው ዳስ ሥር ተከልኩ። አቧራ በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ ማንሳት ከለከልኩ። ዘመነ ከወፍጮ ሲመጣ በር ላይ ልብሱን አውልቆ፣ አቧራውን ታጥቦ እንዲገባ ደነገግሁ። የመጀመሪያው ቀን በውስጥ ሱሪ ግቢ መሀል ቆሞ ሲታጠብ ሰፈሩ በሙሉ ጨው ሊበደር መጣ።

ሳሉ ቀነሰ። ግን አልጠፋም። ምክንያቱም መኝታ ክፍሉ መስኮት አልነበረውም።

ይህ እኛ አገር አያስገርምም። ከባሕር ዳር ሲመጡ ሐሙሲት ላይ የሚኒባስ መስኮት የከፈተ ሰው ወረታ ሳይደርስ ይወገዛል። ሃያ ሰው በአንድ ሰው ትንፋሽ ታፍኖ መሄድ ይመርጣል እንጂ ንፋስ እንዲመታው አይፈቅድም። ስለዚህ ቤቱን የሠራው ሰው ክፍሉን ያለ መስኮት ሠራው ብዬ ነበር።

አንድ ቀን ከቤቱ ኋላ ዞርኩ። ቤታችን የወረታ ጫፍ ላይ ነው፤ ጀርባው ለፎገራ ሜዳ ነው። ሐምሌ ላይ ወንዞቹ ሲሞሉ ውኃው እስከ ግድግዳችን መሠረት ይመጣል። ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ቀና ስል...

መስኮት አለ።

የእንጨት ክፈፉ እንዳለ ነው። ውስጡ ግን በጭቃ ተደፍኗል። ጭቃው ከቀረው ግድግዳ ይልቅ ይጠቁራል።

የዘመነ እናት፣ እማማ ንግሥቲ፣ ከኛ ፊት ለፊት ነው የሚኖሩት። ጠየቅኋቸው። ሸዋዓለም የደፈነችው ነው አሉኝ። አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ፣ መቆም እያቃታት፣ ጭቃውን በገለባ አቡክታ፣ በገዛ እጇ። ንፋስ ፈርታ ነዋ፣ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ለዘመነ ብላ ነው" አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ... እንዳለ ተይው።"

እኔ ደግሞ የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ለዘመነ ብላ።

ጭቃዋ እንኳ ፍቅር ሆኖ ተቆጠረላት። እኔ ሽንኩርት በጀርባዬ ተሸክሜ ሳወጣ "ለዘመነ ብላ" ያለኝ ሰው የለም።

በማግስቱ ዘመነ ወፍጮ እንደሄደ ዶማ አነሳሁ።

ጭቃው እንዳሰብኩት ጠንካራ አልነበረም። በትልልቁ እየተገመሰ ወደቀ። አንዱን ጉማጅ አንስቼ ገለበጥኩት። በውስጥ በኩል የጣት ምልክት አለበት። ቀጭን የሴት ጣት፣ እያባበለ የለሰነ።

በውጭ በኩልም የጣት ምልክት አለበት።

ያኛው ግን አልለሰነም። ቧጥጧል።

ድመት ናት አልኩ። አምስት ጣት ያላት ድመት።

አየሩ ገባ። እርጥብ ሣርና የውኃ ሽታ ያለው፣ ደስ የሚል አየር። አናጢ ጠርቼ አዲስ መዝጊያ አስገጠምኩ፤ ነጭ መጋረጃ ሰቀልኩ። የዚያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘመነ ጋደም አለ፤ አንድም ጊዜ ሳይስል ተኛ። ደረቱ ከፍ... ዝቅ... ከፍ... ዝቅ። አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚያ ዕንባዬን ጠርጌ "አንድ ለዜሮ" አልኳት፣ ሸዋዓለምን።

ባልላት ጥሩ ነበር።

በቀጣዩ ቀን ነው ያየሁት። ዝናቡ አባርቶ ሜዳው ጸጥ ብሏል። በመስኮቱ ሩዙ ይታየኛል፤ አንድ ቅጠል አይነቃነቅም። ንፋስ የለም።

መጋረጃው ግን ይንቀሳቀሳል።

ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይነፋል... ይቆማል... ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ይሳባል። ወደ ውስጥ... ወደ ውጭ።

ዘመነን አየሁ። መጋረጃውን አየሁ።

እሱ ትንፋሽ ሲያስገባ መጋረጃው ወደ እሱ ይነፋል። እሱ ሲያስወጣ መጋረጃው ወደ ውጭ ይሳባል።

አንድ ትንፋሽ ለሁለት ሰው።

የአየር ግፊት ነው አልኩ። ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ሲፈራ እንዲህ ነው የሚለው።

ከዚያ በኋላ ትንንሽ ነገሮች መጡ። ዘመነ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ነበር የሚተኛው፤ ወደ መስኮቱ ዞረ። አልጋው መሀል ነበር የሚተኛው፤ በስተመስኮት በኩል ቦታ እየለቀቀ ወደ ዳር መጣ። ሲነሳ አንገቱ አካባቢ የአደስ ቅቤ ሸተተኝ። እኔ ፀጉሬን የማሠራው ውበት ሳሎን ነው፤ ቅቤ አልቀባም። ቤታችን ውስጥ አደስ የለም።

አንድ ቀን ደግሞ ተኝቶ ሳለ፣ በጣም በቀስታ፣

"እሺ" አለ።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣

"እሺ... እሺ።"

እኔን እንግዲህ ከተጋባን ጀምሮ "እስቲ እናያለን" ነው የሚለኝ።

ሲነቃ ማንን ነው እሺ ያልከው አልኩት። ሳቀ። አላስታውስም አለ። ፊቱ ግን የሙሽራ ፊት ነበር። ሙሽሪት በነበርኩ ጊዜ እንኳ ያን ፊት አላየሁትም።

ባሏን ከሌላ ሴት ጋር የያዘች ሴት ቢያንስ የምትጎትተው ፀጉር አላት። እኔ ማንን ልጎትት? መጋረጃውን?

እንደገና ሀሚዳ ዘንድ ሄድን። ደረቱን አዳመጠች፣ ጀርባውን አዳመጠች፣ እንደገና ደረቱን። ሳንባው የሕፃን ሳንባ መስሏል አለች። ምን አድርገሽለት ነው አለችኝ።

"ንፋስ አስገባሁ" አልኩ።

"ጎበዝ" አለችኝ።

በዚያው ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘመነ እንቅልፍ እንደወሰደው ተነስቼ አዲሱን የመስኮት መዝጊያ ገፋሁት። ዘጋሁት። ቀረቀርኩት።

ደረቱ ከፍ አለ።

ዝቅ አላለም።

ጠበቅሁ... ከንፈሩ አመድ መሰለ። ጣቶቹ አንሶላውን ጨበጡ። ስሙን ጠራሁ፣ ነቀነቅኩት፣ ጉንጩን መታሁት። ዓይኑ ተገልጧል፤ እኔን ግን አያይም። መዝጊያውን ያያል።

ከፈትኩት።

መጋረጃው በአንዴ ወደ ውስጥ ተነፋ... አፍንጫውን መዝጊያው ላይ ደግፎ፣ ትንፋሹን ይዞ ሲጠብቅ እንደቆየ ሰው።

ዘመነ ተነፈሰ።

ሳሎን አስተኛሁት፤ ዓይኑን ሳይገልጥ ተነስቶ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ወንዛዬ ፍል ውኃ ልውሰደው አልኩ፤ ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ተዘግቷል። ወደ ባሕር ዳር እንሂድ አልኩት፤ "ምን ሆኜ?" አለኝ። እውነቱን ነው። እንዲህ ጤነኛ ሆኖ አያውቅም። ወፍጮ ቤት ያሉት ሰዎች ሁሉ "አዲሷ ሚስትህ ተስማማችህ" እያሉት ነው። የትኛዋ እንደሆነች እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

እማማ ንግሥቲ የመጡት እሱ ተኝቶ ሳለ ነው። መኝታ ክፍሉ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ደፉን አልተሻገሩም።

"ከፈትሽው?" አሉ በሹክሹክታ።

"ከፈትኩት።"

"ማነው የተኛው?"

"ዘመነ ነዋ፣ እማማ።"

"ከዘመነ ወዲያስ?"

አየሁ። በስተመስኮት በኩል ያለው አንሶላ... ጎድጉዷል። ሰው እንደተጋደመበት።

"ማንም የለም" አልኩ።

ክንዴን ይዘው ወደ ሳሎን ጎተቱኝ። ከዚያ ማንም ያልነገረኝን ነገሩኝ። ሸዋዓለም ስትሞት ሁሉም ደግነቷን ብቻ አስቀረ እንጂ ቅናቷ ሌላ ነበር። ወፍጮ ቤት ሩዝ ልታስፈለፍል የመጣች ሴት ዘመነን ቀና ብላ ካየችው፣ ሸዋዓለም የዚያን ቀን እህል አትቀምስም። እንደምትሞት ባወቀች ጊዜ አማቷን ጠርታ ጭቃ አምጡልኝ አለች። ለምን ቢሏት...

"'እማማ፣ እኔ ራሴን አውቀዋለሁ' አለችኝ" አሉ። "'ብሞትም አልተወውም። ሌላ ሴት አጠገቡ ስትተኛ አልችልም። ተመልሼ ስመጣ የምገባው በዚህ ነው። እሱ ይኑር፤ እኔን ዝጉብኝ።'"

ወደ መኝታ ክፍሉ በር ዞሬ አየሁ።

"ቅናቷን በእጇ ደፈነችው፣ ልጄ። አንች ደግሞ..."

አልጨረሱትም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

እናንተ ብትሆኑ ትፈሩ ነበር። እኔም ፈርቻለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ያንገበገበኝ ሌላ ነው።

በቅናትም በለጠችኝ።

እሷ ለባሏ ስትል ራሷን ደጅ አስቀርታ ሞተች። እኔ እሷን ለመብለጥ ስል በዶማ አስገባኋት።

አሁን ምርጫዬ ሁለት ነው። መስኮቱን ልዝጋና ባሌን ልቅበር፤ ወይ ክፍት ልተወውና ለሌላ ሴት ልስጠው።

በአማርኛ ጣውንት ይባላል። በሕይወት ካለች ጣውንት ጋር ሽማግሌ ያስማማል፤ ቀን ይከፋፈላል፣ ቤት ይከፋፈላል። ከሞተች ጣውንት ጋር ማን ያስማማል?

ራሴው ተስማማሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አልጋውን አነጥፋለሁ። ትራሱን ሁለት አደርጋለሁ። መጋረጃውን አስተካክላለሁ። ከዚያ እወጣና በረንዳ ላይ ሽንኩርቱ አጠገብ እቀመጣለሁ። የሚያልፉ ሰዎች "ምነው ፀደይ፣ ውጭ?" ይሉኛል። ንጹሕ አየር እየወሰድኩ ነው እላቸዋለሁ።

ከውስጥ ሹክሹክታ ይሰማል። የሱ ነው። መሀል መሀል ላይ ዝም ይላል፤ ሰው መልስ ሲሰጠው የሚያዳምጠውን ያህል ዝም ይላል። ከዚያ በቀስታ ይስቃል።

እሱ ሲነቃ እገባለሁ። እሷ ከዘጠኝ ሰዓት እንቅልፉ ሌላ አትመጣም፤ የቀረውን ቀንና ሌሊቱን ባሌ የኔ ነው። ይተነፍሳል። ይበቃኛል ብዬ ነበር።

አይበቃም። አንድ ጊዜ ልያት አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ምን አላት እኔ የሌለኝ?

ዝናብ እየጣለ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት። እሱ እንደተኛ ጫማዬን አውልቄ በጓሮ ዞርኩ። ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። የግድግዳውን ጥግ ይዤ አንገቴን ብቻ አወጣሁ።

ማንም የለም።

መስኮቱ ክፍት ነው። መጋረጃው ይገባል... ይወጣል። ከመስኮቱ ጀምሮ እስከ ዓይን ማብቂያ ውኃ ነው፤ ዝናቡ እየመታው ይፈላል። እያንዳንዷ ጠብታ ክብ ትሠራለች። ክብ በክብ ላይ፣ ሜዳው ሁሉ።

ከመስኮቱ ሥር ካለች አንዲት ቦታ በቀር።

እዚያ ውኃው ለጥ ብሏል። እንደ መስታወት። አንድም ጠብታ አያርፍበትም። ስፋቱ... የቆመ ሰው ያህል ነው። ቀጭን ሰው።

መተንፈስ አቆምኩ።

መጋረጃው አንዴ በረጅሙ ወደ ውጭ ተሳበ...

አልተመለሰም። ክፈፉ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዝናብ እንደመታው ማንኛውም ጨርቅ።

ከዚያች ለጥ ካለችው ቦታ ጎን ውኃው መረጋጋት ጀመረ። ክቦቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ሁለተኛ ቦታ ሆነ። ከመጀመሪያዋ ሰፋ ይላል። ትከሻው እንደ ዘመነ ሰፊ የሆነ ሰው ያህል።

ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ። ከዚያ ተነሱ።

ቀስ ብለው፣ ሳይቸኩሉ፣ እየተጠጋጉ ወደ ሩዙ ሄዱ። ዝናቡ ከኋላቸው ውኃውን እየሞላ ይከተላቸዋል። ሩዙ ዘንድ ሲደርሱ አንድም ቅጠል አልተጎነበሰም።

ያኔ ከመኝታ ክፍሉ ውስጥ፣ ከመስኮቱ፣ ሰው ጠራኝ።

"ፀደይ።"

የዘመነ ድምፅ ነው። ጥርት ያለ፣ ሳል የሌለበት፣ የሚያምር ድምፅ።

"ዝናብ ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ነይ ግቢ፣ የኔ እመቤት... መስኮቱንም ዝጊው። ንፋስ አያስፈልገኝም።"

ዓይኔን ከሜዳው ላይ አላነሳሁም። ሁለቱ አሁን በጣም ርቀዋል። ሰፋ ያለው አንዴ ቆመ... ዞሮ ወደ ቤቱ የሚያይ ሰው እንደሚቆም። ቀጭኗ ጠበቀችው።

ከዚያ አብረው ሄዱ።